ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በካርድ ሲነጠፍ

የስፖርት ካርድ ከመዳፍ አይበልጥም። ቁመቱ 8.9፣ ወርዱ 6.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፊቱ የተጫዋቹ ፎቶ፣ ጀርባው ቁጥሩና ታሪኩ። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ከሲጋራ፣ ኋላም ከማስቲካ ጋር እየታሸገ መሸጥ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየቤቱ ጓዳ በካርቶን ታጭቆ ይገኛል። መቶ ሺህ ያለው ሰብሳቢ አለ። ሚሊዮን ያለፈውም አለ።

ይህን ቁጥር ጭንቅላቴ አልቀበል ቢለኝ በማውቀው መንገድ ለካሁት። ከእንጅባራ ተነስቶ፣ አዲስ ቅዳምን አቋርጦ ዳንግላ ለመግባት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአስፋልቱ ጠርዝ ካርድ በቁመቱ እያስከተልን ብንነጥፍ በአንድ እርምጃ ስምንት፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ11 ሺህ በላይ፣ እስከ ዳንግላ ደግሞ 450 ሺህ ካርድ ይፈጃል። ሚሊዮን ያለው ሰው ዳንግላ ደርሶ፣ ተመልሶ እንጅባራ ገብቶ፣ መቶ ሺህ ይተርፈዋል። የሚገርመው ግን ለቅመን ስንመዝነው ነው። አንዱ ካርድ 2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ የ40 ኪሎ ሜትሩ መንገድ በሙሉ 9 ኩንታል አይደርስም። በቆሎ ጭኖ ከዳንግላ የሚወጣ አይሱዙ ጥግ ላይ አስቀምጦት ይሄዳል።

እንግዲህ ይህን ሊሸጥ የተነሳ ሰው አስቡት። እያንዳንዱን ፎቶ ለማንሳት፣ ዋጋውን ለማጣራትና ለማሸግ አምስት አምስት ደቂቃ ቢወስድበት፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ 450 ሺህ ካርድ ሸጦ የሚጨርሰው ከ15 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ሥራውን በጀመረበት ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ይቃረባል። የብዙው ካርድ ዋጋ ደግሞ የድካሙን አይሸፍንም።

ስለዚህ የመሸጡ ሥራ የሚጀምረው ከሰፌድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናቶቻችን እህል ሲያበጥሩ ፍሬ በፍሬ አይለቅሙም፤ መጀመሪያ ገለባውን በአንድ ውርወራ ያስወግዳሉ፣ ከዚያ ያንገዋልላሉ፣ ለቀማ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ካርድም እንዲሁ ነው። በዓመት ይለያል፣ ከዚያ በአሳታሚ፣ ከዚያ በካርዱ ቁጥር። ዋጋ የሚጠየቀው ሰፌዱ ላይ ለቀሩት ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ነው።

የድርደራን ጉልበት ቁጥር ይመስክር። ገዢ መጥቶ አንድ ካርድ ጠየቀ እንበል። 450 ሺሁ ተደባልቆ ከተከመረ፣ ካርዱን ለማግኘት በአማካይ 225 ሺህ ካርድ መግለጥ ያስፈልጋል፤ በሴኮንድ አንድ ቢገለጥ እንኳ 62 ሰዓት ተኩል። በተራ ከተደረደረ ግን መሐሉን እንገልጣለን፤ የምንፈልገው ከዚያ ፊት ነው ወይስ ኋላ? ግማሹን እንተዋለን። የቀረውንም መሐሉን ገልጠን ደግሞ ግማሹን እንተዋለን። እንዲህ ስናደርግ ከ19 ጊዜ በላይ አንገልጥም። አሥራ ዘጠኝ! ካርዱም ቤቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው።

ድርደራውን ይዘን ወደ እንጅባራ እንመለስ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ60 ሺህ በላይ አባላት አሉት። በማኅበሩ በዓል፣ ጥር 23፣ እንጅባራ ላይ ያ ሁሉ ፈረስ አጊጦ ሲወጣ ያየ ሰው ቁጥር ምን እንደሆነ ያውቃል። ለ60 ሺህ ፈረሰኛ አንድ አንድ ካርድ ብናትም፣ የፈረሰኛው ፎቶ ከፈረሱ ጋር፣ በስም ተራ ደርድረን ከ16 መግለጥ በኋላ የፈለግነው ጋላቢ እጃችን ላይ ይሆናል። ይህን ካርድ ታትሞ ባየው ደስ ይለኛል።

የዋጋው ነገር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 የታተመ የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል አንድ ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ደረጃው ከ10 ነጥብ 9.5 ነበር። ደረጃ መዳቢዎች በአጉሊ መነጽር የሚያዩት ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ገጹንና ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ መሐል መዋሉን ነው። አራቱም ማዕዘኖች ሹል መሆን አለባቸው፤ ትንሽ ከደነዙ ዋጋው ያሽቆለቁላል።

ማዕዘን ሲባል የራሴ ደብተር ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ካርድ አይደርሰንም ነበር፤ ከስፖርት ጋዜጣ ፎቶ ቆርጠን ደብተር ላይ እንለጥፍ ነበር። ኮላ ሲጠፋ በሊጥ። ሊጥን ደግሞ አይጥ ይወዳል። መስከረም 1993 ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ ሩጫ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ የቀደመበት ፎቶ አለኝ፤ አራቱም ማዕዘኖቹ ተበልተዋል፣ የቴርጋት ቀኝ እግርም እስከ ጉልበቱ የለም። የኃይሌ ደረት ግን ምንም አልሆነ።

ባለፈው ክረምት ሁሉንም አወጣኋቸው፤ 412 ሆኑ። የእናቴን ሰፌድ ተውሼ በዓመት ከፈልኳቸው፣ በዓመቱ ውስጥ ደግሞ በስም። ሰፈራችን ውስጥ የኳስ ማሳያ ቤት የከፈተ ልጅ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ሲፈልግ መጣ።

«ጋሼ፣ የደራርቱ የሲድኒው አለዎት?»

412 ፎቶ ቢበዛ ዘጠኝ መግለጥ ነው። በስድስተኛው አገኘሁት። ዋጋ ተነጋገርንና ወሰደው፤ ከዚያ የኃይሌን ጠየቀኝ፣ እሱን አልሸጥኩለትም።