ከደሴ ጭጋግ እስከ ኮምቦልቻ ፀሐይ፦ ብስክሌት፣ ደን እና ገና ያልመጣው ባቡር

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ቢራራቁም በአየር ጠባይ አይገናኙም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ጋቢዋን ደርባ ትቀመጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ፣ በቦርከና ወንዝ ሜዳ ላይ ፀሐይዋን ትሞቃለች። በመካከላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ፤ ከኮምቦልቻ በላይም ጥድና ወይራ ያለበሰው የየጎፍ ደን ይታያል። ቅዳሜና እሑድን ከቴሌቪዥንና ከስልክ ርቆ ማሳለፍ ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ ለተራራ ብስክሌት የሚመች አገር እዚሁ ደጃችን ላይ ነው።

ብስክሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ የጎዳና ብስክሌት ውድድር ኢትዮጵያን በቡድን 9ኛ አድርገዋል። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ያጣነው ጋላቢ ሳይሆን ልጅ ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ነው።

አስፋልቱ ለልጅ አይሆንም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዋና መንገድ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ የዘረጋው ጎዳና አካል ነው። እይታው ያምራል፤ ይሁን እንጂ ኩርባው ብዙ፣ የጭነት መኪናውም ብዙ ነው። ልምድ ያለው ጋላቢ በማለዳ ቢወርደው አይደንቅም። የ10 ዓመት ልጅ ግን ከተሳቢ መኪና ጋር ኩርባ ላይ መገናኘት የለበትም። ስለዚህ ቤተሰብ ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ እስከ ደኑ ጠርዝ ቢሄድና ከዚያ ቢጀምር ይመረጣል።

ደኑ ውስጥ ያሉት መንገዶች የገበሬው፣ የከብት ጠባቂውና የእንጨት ለቃሚው ናቸው። እንግዶቹ እኛ ነን። እንጨት የተሸከመች እናት ስትመጣ ከብስክሌት ወርዶ ማሳለፍ፣ ሰላምታ ማስቀደም፣ የዘራ ማሳ አለመርገጥ የወሎ ጨዋነት ነው። ደክሞ ላቆመ ልጅ «አብሽር!» የሚለው መንገደኛ ሲገኝ፣ ልጁ ከማንኛውም የስልክ ጨዋታ የማያገኘውን ነገር ያገኛል።

የባቡር መንገድ ለምን ይመቻል?

ባቡር ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት፣ መሐንዲሶች በ100 ሜትር ጉዞ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይጠነቀቃሉ። ተራራ ሲገጥማቸው ይቆርጡታል፣ ይሸነቁሩታል ወይም ይዞሩታል። በዚህ ምክንያት አሮጌ የባቡር መንገድ አያትም የልጅ ልጅም አብረው የሚነዱበት ለስላሳ መንገድ ይወጣዋል። ስፔን ይህን ተረድታ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቡር የተዋቸውን መስመሮች «አረንጓዴ መንገድ» ብላ ለእግረኛና ለብስክሌት ከፍታለች፤ ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሰዋል።

ኮምቦልቻም ሐዲድ አላት፤ የእኛ ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር ግንባታ በየካቲት 2007 ዓ.ም. ተጀመረ። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች አዳረሰ፤ የመስመሩም ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። ባለፈው በጋ ከእህቴ ልጅ ጋር በኮምቦልቻ ዳር ስንነዳ ሐዲዱን አይቶ «ባቡሩ የት ሄደ?» አለኝ። «አልሄደም የኔ ጌታ፤ ገና አልመጣም» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ሐዲዱ ለምን አረጀ?» አለ።

የሌላው ዓለም ብስክሌተኛ በሐዲድ ላይ የሚነዳው ባቡሩ ጡረታ ሲወጣ ነው። የእኛን ገና ሳይሠራ ጡረታ ማስወጣት ግን ማንም ወሎዬ አይመኝም። ስለዚህ ሐዲዱ ላይ አንውጣ፤ ለባቡሩ እንተውለት። ልንጠይቅ የሚገባን ሌላ ነገር ነው፦ መስመሩ ሲጠገን፣ ከአጥር ውጭ ባለው ዳርቻ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ጠባብ ጠጠር መንገድ አብሮ ይታሰብ። የማርኬቲንግ ሰው ነኝና በሙያዬ ልናገር፤ ደን፣ ሜዳና ሁለት ከተሞች ያሉት ቦታ ምርቱ ዝግጁ ነው። የጎደለው ብስክሌት የሚያከራይ ወጣት፣ ጎማ የሚለጥፍ ባለሙያ፣ በየማረፊያው ቡና የምታፈላ እናት ነው። ይህ ሁሉ ለከተማው ልጅ የሥራ ዕድል ነው።

ከመውጣትዎ በፊት

• ሰላም፦ የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታና የደኑን መግቢያ ከነዋሪውና ከደን ጠባቂዎች አስቀድመው ይጠይቁ። አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ያቆዩት።

• ፍሬን፦ ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ መያዝ ጋላቢውን ይገለብጣል። ልጆች ሁለቱንም እያላሉ መያዝን፣ ቂጣቸውንም ወደ ኋላ ማድረግን ሜዳ ላይ ይለማመዱ። ኮርቻቸውን ዝቅ ያድርጉላቸው።

• ልብስ፦ ደሴ ሲነሡ ሹራብ፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ቲሸርት። የራስ መከላከያ ቆብ ግን ለሁሉም፣ ለአባትም ጭምር።

• ስንቅ፦ ውኃ፣ ቆሎ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ። ዝንጀሮ ባለበት ምግብ ገልጦ ማስቀመጥ አያዋጣም።

• ሰዓት፦ በማለዳ ወጥቶ እስከ ቀትር መመለስ። ክረምት ላይ ጭቃው ስለሚያንሸራትት የበጋ ወራት ይመረጣሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ልጅ ደክሞት ሳይሆን «ትንሽ እንጨምር» እያለ ቢመለስ፣ በሚቀጥለው እሑድ ብስክሌቱን ከመጋዘን የሚያወጣው እሱ ራሱ ይሆናል። ባቡሩ በመጣ ጊዜም ከብስክሌቱ ሳይወርድ እጁን አውለብልቦ ያሳልፈዋል።