የታደሰ ሞተር እስኪገጠም፦ የማቆያ ጊዜና የዝገት ሥጋት

ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የታደሰ የመኪና ሞተር ተመልሶ ሲገጣጠም ዋናው ሥራ ያበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ መለዋወጫ እስኪመጣ ወይም የመኪናው አካል ጥገና እስኪጠናቀቅ ድረስ ሞተሩ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በጋራዡ ጥግ ይቀመጣል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ገና ሳይነሳ ሊበላሽ የሚችለውም በዚህ ጊዜ ነው።

ሲሠራ የኖረ ሞተር የሲሊንደሩ ግድግዳ በዘይትና በካርቦን ቅሪት በመጠኑም ቢሆን የተሸፈነ ነው። አዲስ የታደሰው ግን ራቁቱን ነው፤ ፋሻው እንዲላመድ ሲባል ግድግዳው በተጠላለፉ ጥቃቅን ጭረቶች ተስሏል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ የብረት ዝገት በእጅጉ ይፋጠናል። በአዲስ አበባ ክረምት ይህ ወሰን በየዕለቱ ይታለፋል። ከባዱ ብሎክ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ረፋድ ላይ አየሩ ሲሞቅ እርሱ ቶሎ ስለማይሞቅ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል። ጤዛው በተለይ ፋሻው ግድግዳውን በሚነካበት መሥመር ይታቆራል። ሞተሩ በተነሳ ጊዜ በዚያ የበቀለው ዝገት ፋሻውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ ብናኙም ከዘይቱ ጋር ወርዶ ክራንክሻፍቱ የሚያርፍባቸውን ለስላሳ ብሮንዚናዎች ይጎዳል።

ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው ምክር ሞተሩን በየሳምንቱ በእጅ ማዞር ነው። የአውሮፕላን ሞተር አምራቹ ላይካሚንግ ግን በመመሪያው ይህ ልማድ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን ያስገነዝባል። ምክንያቱም ፋሻው ሲመላለስ በግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት ይጠርጋል፤ ካምሻፍቱም የተቀባውን ቅባት ያራግፋል፤ በእጅ ፍጥነት የሚዞረው የዘይት ፓምፕ ደግሞ የተጠረገውን አይተካም። የመኪና ሞተር የአውሮፕላን ሞተር እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የዘይቱ ጠባይ ግን በሁለቱም አንድ ነው።

ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ የዚህ ውሃ ከፊል በውስጡ ይቀራል።

የተሻለው መንገድ ሞተሩን በደረቁ አሽጎ አለመንካት ነው። ተራ የሞተር ዘይት ቀስ በቀስ ተንጠባጥቦ ስለሚወርድ ዝገት ተከላካይ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ በስሱ ይረጫል። በባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ክራንክሻፍቱ የትም ቢቆም ከሲሊንደሮቹ የአንዱ ቫልቭ ክፍት መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ቀዳዳዎች ሁሉ ይደፈናሉ። ብሎኩ ሲታጠብ በውሃ መተላለፊያዎቹ የቀረው ውሃ አስቀድሞ በአየር ግፊት መድረቅ አለበት። ላስቲክ ከላይ ብቻ ማልበስ ከሲሚንቶ ወለል የሚነሳውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ ሞተሩን ከወለል አንሥቶ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ከተጨመረበት በኋላ ዙሪያውን ማሸግ ግን ይጠቅማል። ሲሊካ ጄሉ እርጥበት ሲጠግብ ይለወጣል።

በዘይቱ መጠን ላይ መሳሳትም አለ። ፈሳሽ አይታመቅምና በሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ሞተሩ ሲነሳ ቢዬላ ሊያጣምም ይችላል። በመሆኑም ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ካንዴላዎቹ ወልቀው፣ ቤንዚንና የእሳት ብልጭታ ተቋርጠው፣ የዘይት ግፊት በመለኪያው ላይ እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ ይዞራል፤ ካንዴላዎቹ የሚታሰሩትም ከዚያ በኋላ ነው።