የማሪዮን ደሴት አይጦች

ማሪዮን ከኬፕታውን በስተደቡብ ምሥራቅ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የደቡብ አፍሪካ ደሴት ናት። እሳተ ገሞራ የፈጠራት፣ ስፋቷ 290 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ዛፍ የማይበቅልባት፣ ነፋስና ዝናብ የማይለያት ምድር ናት። ከተመራማሪዎችና ከምርምር ጣቢያዋ ሠራተኞች በቀር ሰው አይኖርባትም። ፔንግዊኖችና አቆስጣዎች ግን ዳርቻዋን ይሞሉታል፤ በዓለም ካሉት ተንከራታች አልባትሮስ የተባሉ የባሕር ወፎችም ሩብ ያህሉ የሚራቡት እዚሁ ነው። ዛሬ የሚያከራክረው ጥያቄ የደሴቷን አይጦች በሙሉ በመርዝ ማጥፋት ይገባል ወይ የሚለው ነው።

አይጦቹ የገቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአቆስጣ አዳኞች መርከብ ተሳፍረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 እነሱን እንዲያጠፉ አምስት ድመቶች ወደ ጣቢያው መጡ፤ ነገሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ድመቶቹ ተራብተው በ1970ዎቹ በዓመት 450,000 ያህል ወፎች ይፈጁ ነበር። በቫይረስ፣ በጠመንጃና በወጥመድ ተዘምቶባቸው የመጨረሻዋ የተወገደችው በ1991 ነው።

አይጦቹ ግን ቀሩ። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ የመራቢያ ጊዜያቸው ረዘመ፤ የሚመገቧቸው ነፍሳት ሲመናመኑባቸው ወደ ወፎች ዞሩ። በ2003 አይጥ ያቆሰላቸው የአልባትሮስ ጫጩቶች ታዩ። አይጧ በሌሊት ጎጆው ላይ ትወጣና የተቀመጠውን ወፍ ከነሕይወቱ ትግጠዋለች። ዝርያው ለረጅም ዘመን በየብስ የሚያጠቃው እንስሳ ሳይኖር ስለኖረ ወፉ አይሸሽም፣ አይከላከልም። ተንከራታች አልባትሮስ በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ስለምትጥል የሞተው በቀላሉ አይተካም።

መፍትሔ ተብሎ የቀረበው አይጦቹ ምግብ በሚያጡበት ክረምት 600 ቶን ያህል መርዝ ያለበት ምግብ በሄሊኮፕተር መበተን ነው። ወጪው ከባድ ነው፤ መርዙ ሌሎች ወፎችንም ይገድላል። በደቡብ አትላንቲኳ ጎፍ ደሴት በ2021 የተሞከረው ተመሳሳይ ዘመቻ አልሠመረም። በአውስትራሊያዋ ማኳሪ ደሴት ግን ተሳክቶ፣ በ2014 ከጥንቸልና ከአይጥ ነጻ መሆኗ ታውጇል።

የመርዙ ጉዳት የአንድ ወቅት ነው፤ የአይጦቹ ግን በየዓመቱ ይደጋገማል። ስለዚህ ዘመቻው ተገቢ ነው፤ ዝግጅቱ ሳይሟላ ግን መጀመር የለበትም። አንዲት እርጉዝ አይጥ ካመለጠች ሁሉም ከንቱ ልፋት ይሆናል።