ውጤት ሲለቀቅ ሳይቱ ለምን ይወድቃል? መልሱ ሰባተኛ ሱቅ ውስጥ አለ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቀቀ ሲባል ሊንኩን ትነካላችሁ፣ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች... ከዛ "503" ወይም "504" ይላል። ጥር 2015 ላይ ይፋ የሆነውን ውጤት እንኳን ብናይ፣ የተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ናቸው። ቤተሰብና ጓደኛ ሲጨመር ደግሞ አስቡት!

ግን ሰርቨሩን የሚጥለው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ሁሉንም በአንዴ ላስተናግድ ማለቱ ነው።

ሰባተኛ ላይ ያለች ጠባብ ሱቅን በበዓል ዋዜማ አስቡ። 10 ሰው ሲገባ ሽያጩ ይጧጧፋል። 60 ሰው ከገባ ግን ሻጩ ዕቃ ለማውረድ እጁን ማንሳት አይችልም፤ ማንም ሳይገዛ ሁሉም ይቆማል። ብልህ ነጋዴ በሩ ላይ ልጅ ያቆምና "አንድ ሲወጣ አንድ ይግባ" ይላል።

ለሰርቨር የሱቁ ስፋት ማለት ራም ነው። አፓቼ የሚባለው የሰርቨር ሶፍትዌር፣ ፕሪፎርክ በሚባለው አሠራሩ፣ ካልነካችሁት እስከ 256 ጥያቄ በአንዴ ያስገባል። እያንዳንዱ 50 ሜጋባይት ቢይዝ ወደ 13 ጊጋ ራም ያስፈልጋል። ያላችሁ 4 ጊጋ ከሆነስ? ራሙ ሲሞላ ማሽኑ የተረፈውን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይጀምራል። ዲስክ ከራም እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ቀድመው የገቡትም አብረው ይቆማሉ።

ስለዚህ ሂሳቡ እንዲህ ይሠራል፦

🔹 ከ4 ጊጋው 1 ጊጋ ለሲስተሙና ለዳታቤዙ ይተዋል። ቀሪው 3 ጊጋ ለ50 ሜጋ ሲካፈል 60 ይመጣል። ገደቡ 60 ይሁን። 61ኛው አይባረርም፣ ወረፋ ይይዛል።

🔹 አንድ ጥያቄ በግማሽ ሰከንድ ካለቀ በሰከንድ 120፣ በሰዓት 432 ሺህ ጥያቄ ይስተናገዳል። በዚህች ትንሽ ማሽን! ወረፋ ማስያዝ አገልግሎት መከልከል ይመስላል እንጂ ፍጥነት ነው።

🔹 ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነው ነገር (ሎጎው፣ ቁጥር የሚሞላበት ገጽ) ካሽ ይደረግ። ነጋዴው ዋጋውን ካርቶን ላይ ጽፎ በር ላይ እንደሚሰቅለው ማለት ነው፤ ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ የሚገባ ሰው አይኖርም።

🔹 ኔትወርኩ ደካማ የሆነ ስልክ ገጹ እስኪደርሰው ቦታ ይዞ ይቆያል። ለዚህ ኢንጂንኤክስ ከፊት ይቀመጣል። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 እ.ኤ.አ. የለቀቀው ይህ ሶፍትዌር በሺዎች የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን በትንሽ ራም ይይዛል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ሪፍሬሽ አትደብድቡ! እያንዳንዱ ሪፍሬሽ አዲስ ጥያቄ ነው። የፊተኛውንም ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሠራዋል፣ እናንተ ግን መልሱን ጥላችሁ ወጥታችኋል። አምስት ጊዜ ስትነኩ የአራት ተፈታኝ ቦታ ያዛችሁ ማለት ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ውጤቱ በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም ቦት ከተለቀቀ ደግሞ በዚያ ሞክሩ።

የሱቃችሁን ሳይት ለምትሠሩ ልጆች፦ ሂሳቡን ከበዓሉ በፊት ሥሩት። ገበያው ከደራ በኋላ በር አይሰፋም።

ውጤት ለሚጠብቅ ጓደኛችሁ አጋሩት።