ዎከር ቡልዶግ በኮብልስቶን ላይ

የሪሞት መኪና ምን እንደሆነ ለቦሌ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለልደት ይገዛል፣ በሳምንቱ ይሰበራል። የሪሞት ታንክ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ከእውነተኛው ታንክ 16 ጊዜ አንሶ የተሠራ፣ ሁለቱን ሰንሰለቶች ሁለት የተለያዩ ሞተሮች የሚነዱለት፣ ማማው የሚዞር፣ መድፉ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ከሆዱ የሞተር ድምፅና ቀጭን ጭስ የሚያወጣ ማሽን ነው። መሪ የለውም። ወደ ግራ ሲታጠፍ የግራው ሰንሰለት ይዘገያል፣ የቀኙ ይገፋል፤ ባለበት እንዲዞር ከተፈለገ አንዱ ወደፊት ሌላው ወደ ኋላ ይሽከረከራል። የጃፓኑ ታሚያ ብትንትኑን አውጥቶ በካርቶን ይሸጠዋል፣ ገዢው ራሱ ይገጣጥመዋል፤ የቻይናው ሄንግ ሎንግ ግን ባትሪ ብቻ ሞልቶ የሚነዳ አድርጎ ያቀርበዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ፣ ማለትም ቀለሙን መቀየር፣ ፕላስቲኩን በብረት መተካት፣ ጭቃና ዝገት ማልበስ፣ ለብዙዎቹ ባለቤቶች ከመንዳቱ ይበልጥ ጣፋጭ ነው።

ተሽከርካሪ ማሳመር ለእኛ አዲስ አይደለም። ሚኒባስ ጥቅስ ይለጠፍበታል፣ ባጃጅ መጋረጃና መብራት ይጨመርለታል። እዚያ ጭማሪው ባለቤቱን ደስ ካሰኘ ይበቃዋል። በሞዴል ታንክ ላይ ግን የሚጨመር ነገር ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ይህን ማን አየው? የዝገቱ ቦታ፣ የቀለሙ ጥላ፣ በጎኑ የተጻፈው ቁጥር ምስክር ካልተገኘለት፣ የቱንም ያህል እጅ ቢያምርበት ሥራው ቅብ ብቻ ነው። የሙያው ታላላቆች የሠሩትም ይህንኑ ነው። የታሚያን ስም ለዓለም ያስተዋወቁት ሹንሳኩ ታሚያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የፖርሽን የእሽቅድምድም መኪና በትንሹ ለመሥራት ሲነሱ፣ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው እስከ ብሎኑ አስፈትተውታል፤ መልሶ ለመግጠም ግን የፖርሽን ቴክኒሻኖች እርዳታ መጠየቅ ነበረባቸው። ያው ኩባንያ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፓንተር ታንክ ሞዴል፣ በኋላ ብዙ የዓለም ሞዴል ሠሪዎች የተከተሉት 1 ለ35 የሚባለው መጠን የተወለደው ባትሪና ሞተር ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ሲባል ነበር። ውጪው በማስረጃ፣ ውስጡ በባትሪ የሚወሰን ሙያ ነው።

ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሙያ የሚጀምር ሰው የትኛውን ታንክ ይምረጥ? በዓለም ላይ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ የጀርመኑ ታይገር ነው፤ ለእኛ ግን የሰው ታሪክ ነው፣ ምስክሩም ያለው በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ውስጥ ነው። ለኢትዮጵያዊ ከሁሉ የሚቀርበው፣ ሄንግ ሎንግ በ1 ለ16 መጠን ከሠራቸው አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ኤም 41 ዎከር ቡልዶግ ነው። ስሙን ያገኘው በታኅሣሥ 1950 እ.ኤ.አ. ኮሪያ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሞቱት ከጄኔራል ዎልተን ዎከር ነው፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ ነበር። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1945 ዓ.ም. የመከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተሰጡት ታንኮች መካከል ይኸው ኤም 41 ነበረበት። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ሲገባ፣ በሶቪየት ሠራሽ ታንኮቹ ፊት ከቆሙት አንዱም እሱ ነው። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ መሣሪያና መለዋወጫ መምጣቱ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ከፋብሪካ ትናንት የወጣ የሚመስል፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ዎከር ቡልዶግ ሠርቶ «የካራማራው» ብሎ መጥራት፣ ስለ እድሜው መዋሸት ነው።

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ እንግባ። እውነተኛው ኤም 41 23 ቶን ተኩል ይመዝናል። ሞዴሉ በርዝመትም፣ በስፋትም፣ በቁመትም 16 ጊዜ ስላነሰ፣ ክብደቱን የምናካፍለው ለ16 ሳይሆን ለ4096 ነው፤ ውጤቱ 5.7 ኪሎ ይሆናል። ከካርቶኑ የሚወጣው ፕላስቲክ ከዚህ በብዙ ስለሚቀል ድንጋይ ላይ እንደ ፌንጣ ይዘላል። የብረት ሰንሰለት፣ የብረት ጎማና የብረት ካምቢዮ ሲገጠምለት ግን ሞላዎቹ ይጫናሉ፣ አፍንጫው ሲቆም ጎንበስ፣ ሲነሳ ቀና ይላል። ብረቱ የሚገባው ለጌጥ ሳይሆን አካሄዱ ክብደቱን እንዲናገር ነው። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። እውነተኛው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ለ16 ሲካፈል 4 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ማለትም የሰው እርምጃ ነው። ከዚያ በላይ የሚበር ሞዴል ታንክ ለልጅ ደስ ይላል፣ ለዓይን ግን ውሸት ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሁልጊዜ ሰንሰለቱ ላይ ነው፤ ዳር እስከ ዳር ዝገት ይቀባዋል። የኤም 41 ሰንሰለት ግን መሬት የሚረግጠው በጎማ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ተፍቆ ግራጫ ወደ ጥቁር ይመታል፤ የሚያበራው ጥርስ የሚነካካው የብረት ጠርዝ ነው፤ ዝገት የሚይዘው ማንም የማይረግጠው ቀዳዳ ብቻ ነው። እውነተኛ ዝገት የሚፈለግ ከሆነ ወደ ኋላ መዞር ነው፦ በሁለቱም ጎን በኋላ ፓራፋንጎዎች ላይ የተጋደሙት ማርሚታዎች ቀን ሙሉ ይግላሉ፣ ሌሊት ይቀዘቅዛሉ፤ ቀለም አይቆይባቸውም። ፓራፋንጎው ራሱስ? የሞዴሉ ፕላስቲክ 2 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ በ16 ሲባዛ 3.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከራሱ ከታንኩ ጋሻ ጋር የሚፎካከር ውፍረት ነው። መፍትሔው የለስላሳ ጣሳ ነው። የጣሳው ግድግዳ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በመቀስ ተቆርጦ፣ በፒንሳ ጠርዙ ታጥፎ ሲለጠፍ ስስ ላሜራ ይመስላል፤ ግድግዳ ሲነካም እንደ እውነተኛው ይጨማደዳል። ባትላሜራ ጋራዥ ውስጥ ጭምድዱን ሲያቃና ይውላል፤ ሞዴል ሠሪ ጭምድዱን ሲያመጣ ያመሻል።

የቦሌ አፈርም በነገሩ ውስጥ ድርሻ አለው። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ያለው ሜዳ በአብዛኛው መረሬ ነው፤ በክረምት አብጦ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ይህን አፈር አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በስስ ወንፊት ነፍቶ ከሙጫ ጋር መለጠፍ ውጭ አገር በጠርሙስ የሚሸጠውን ዱቄት ቀለም ያስንቃል፣ በነፃም ይገኛል። ችግሩ መረሬ ጥቁር መሆኑ ነው፤ የቆላው አቧራ ፈዘዝ ያለ ቀይና ነጣ ያለ ነው። ታንኩ የኦጋዴን እንዲሆን ከታሰበ የሰሚት ጭቃ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። እርጥብ መረሬ ላይ መንዳትም አይመከርም፤ በጥርሱና በሰንሰለቱ መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ የሚሰበረው የፕላስቲኩ ማርሽ ነው። የገርጂና የአያት ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ኮብልስቶንስ? አንዱ ድንጋይ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለትንሿ ታንክ 1.6 ሜትር ቋጥኝ ነው፤ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለው ስንጥቅም ቦይ ነው። ደግነቱ ኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ አይደክምም። የእውነተኛው ቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ባጣ ነበር።

ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ ማለት አያሻም። የድሮዎቹ ረጅም አንቴና ነበራቸው፤ የዛሬዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ አንቴናቸው ቦዲው ውስጥ ይደበቃል። የተበጠሰ ሽቦ ሶልደር ለማድረግ የሰፈር ሞባይል ጠጋኝ ይበቃል። ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ካለ ትርፍ ሊትየም ባትሪ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ እንደሚያዝ ይነገረው፤ የአየር መንገዶች ሕግ ነው፣ ባለ 7.4 ቮልቱ ትንሽ ባትሪም ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚፈቀደው 100 ዋት ሰዓት እጅግ ያነሰ ነው። የፕላስቲክ ጥይት የሚተፋውን ዓይነት ትቶ በማይታይ ብርሃን «የሚተኩሰውን» መምረጥ ደግሞ ለዓይንም ለጎረቤትም ይሻላል። ድምፁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙዎቹ ሞዴሎች የናፍጣ ጉርምርምታ ያሰማሉ፤ ኤም 41 ግን ቤንዚን ነበር።

ተቃውሞ መኖሩ አይቀርም፣ ትልቁም ቀላል አይደለም፦ የጦርነት ቁስል ባልደረቀበት አገር ታንክ መጫወቻ ይሆናል ወይ? ግማሹን እቀበላለሁ። ታንክ በደጁ ሲያልፍ የሰማ ሰው በጎረቤት ግቢ ያንን ድምፅ እንዲሰማ የሚገደድበት ምክንያት የለም፤ ድምፁ ማጥፊያ አለው፣ በሰፈር ውስጥም መጥፋት አለበት። ግን በማስረጃ የሚሠራ ሞዴልና ጥይት የሚተፋ መጫወቻ አንድ አይደሉም። አራት ሰው በዚያ ጠባብ ብረት ውስጥ ከቤንዚንና ከጥይት ጋር እንዴት እንደተቀመጠ፣ ማማው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በሚሊ ሜትር ለክቶ የሠራ ሰው ጦርነትን ለማሞገስ አፉ አይፈታም። ሁለተኛው ተቃውሞ የቅንጦት ነው፣ የፈረንጅ ጨዋታ ነው የሚል ነው። ዋጋውን አልክድም። ችሎታው ግን የእኛው ነው፤ ከሽቦና ከቆርኪ መሪ ያለው አይሱዙ የሚሠራ የገጠር ልጅ የጎማውን ብዛት፣ የጭነቱን ሣንቃ ከማንም በፊት በዓይኑ ቆጥሮ ነው የሚጀምረው። ሦስተኛው ከራሳቸው ከሞዴል ሠሪዎች የሚመጣ ነው፦ የሚነዳ ነገር ላይ ዝርዝር ይረግፋል፣ ስለዚህ ወይ ንዳው ወይ መስታወት ውስጥ አስቀምጠው ይላሉ። ብቅ ያለውን ሁሉ ከፕላስቲክ ይልቅ ከመዳብ ሽቦ መሥራት ግማሹን ችግር ይፈታል። ቀሪው ቢረግፍም አያስቆጭም፤ የዘመተ ታንክ ላይም ሁሉም መሣሪያ በቦታው አይቀመጥም።

የሚከብደው የመጨረሻው እርከን ነው፣ ቁጥርና ምልክት። እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ሥራ ይበላሻል። ባንዲራ ይጨመራል፣ አንበሳ ይሳላል፣ ከሐሳብ የወጣ የሻለቃ ቁጥር ይጻፋል። ፎቶ ያልተገኘለት ጎን ባዶውን ይቅር፤ ባዶ ጎን ማንንም አያሳስትም። ፎቶዎቹ ደግሞ ያሉት በቤት አልበሞች ውስጥ ነው። በ1970 ዓ.ም. የካቲት ካራማራ ላይ የነበሩ ታንከኞች ዛሬ ትንሹ እንኳ ስልሳ አምስቱን አልፏል። አባትዎ ወይም አጎትዎ ከታንክ ፊት ቆመው የተነሱት ፎቶ ካለ፣ ዛሬ በስልክዎ ያንሱት፣ ከጀርባው የተጻፈውንም ጭምር። ከኋላ በኩል፣ ማርሚታው ባለበት የተነሳ ካለ ደግሞ ከሁሉም አስቀድመው እሱን ያንሱት።