የፖሊመር ልባስ የመድኃኒትን አለቃቀቅ እንዴት ይቆጣጠራል?

በየስድስት ሰዓቱ ይወሰድ የነበረ መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወሰድ ሆኖ ሲዘጋጅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ሞለኪውሉ ሳይሆን የተሸፈነበት ልባስ ነው። አንዱ መጠን የቀኑን ሙሉ ድርሻ ስለሚይዝ ግን በሽተኛውን ከመመረዝ የሚጠብቀው ይኸው ስስ ልባስ ይሆናል።

ኤቲልሴሉሎስ በውሃ የማይሟሟ ፖሊመር ነው። በእርሱ የተለበሰ ማይክሮካፕሱል ወደ አንጀት ሲደርስ ውሃ በልባሱ በኩል ቀስ እያለ ይገባል፤ መድኃኒቱ ውስጥ ለውስጥ ይሟሟና በስርፀት ይወጣል። በፊክ ሕግ መሠረት የመውጫው ፍጥነት ከልባሱ ስፋትና በውስጥና በውጭ ካለው የክምችት ልዩነት ጋር በቀጥታ፣ ከልባሱ ውፍረት ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። ያልሟሟ ጠጣር መድኃኒት ውስጥ እስካለ ድረስ የውስጡ ክምችት አይቀንስም፤ ፍጥነቱም ቋሚ ሆኖ ይቆያል። ጠጣሩ ካለቀ በኋላ ግን ፍጥነቱ እያሽቆለቆለ ይሄዳል። ስለዚህ ቋሚ አለቃቀቅ የልባሱ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ የመሟሟት ባሕርይ ውጤትም ነው፤ አዲስ ቀመር ሲነደፍ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ፍጥነቱን ለመጨመር ልባሱን ከማሳሳት ይልቅ በውሃ የሚሟሟ ሃይፕሮሜሎስ መቀላቀል ይቻላል፤ እርሱ ሟሙቶ ሲወጣ በልባሱ ላይ ቀዳዳዎች ይተዋል።

የኦሜፕራዞል ጉዳይ ከዚህ ይለያል። መድኃኒቱ በጨጓራ አሲድ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚበላሽ ልባሱ የሚያስፈልገው ለማዘግየት ሳይሆን ለመከላከል ነው። ከሜታክሪሊክ አሲድ የተሠሩ ልባሶች በአሲድ ውስጥ አይሟሟሙም፤ ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲያልፍ ግን የካርቦክሲል ቡድኖቻቸው ወደ አዮንነት ተለውጠው ልባሱ ይፈርሳል። ጥቃቅን እንክብሎቹን መፍጨት ይህን ጥበቃ ያጠፋል።

ኤቲልሴሉሎስ በውሃ ባይሟሟም በአልኮል ይሟሟል። ይህ ቀላል የኬሚስትሪ እውነታ ፓላዶን የተባለውን የሃይድሮሞርፎን ካፕሱል በ2005 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ አስወጥቶታል። በዚህ ምርት መድኃኒቱ በልባስ የተሸፈነ ሳይሆን ራሱ ፖሊመሩ ውስጥ የተሰራጨ ነበር፤ ድክመቱ ግን አንድ ነው። በጤናማ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት ካፕሱሉ ከ40 በመቶ አልኮል ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የታየው ከፍተኛ ክምችት በአማካይ 6 እጥፍ ያህል ጨምሯል። ሃይድሮሞርፎን ትንፋሽን የሚያፍን ኦፒዮይድ በመሆኑ ይህ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዛሬ ለበርካታ መሰል ምርቶች የሟሟት ፍተሻው ያለ አልኮል እንዲሁም 5፣ 20 እና 40 በመቶ አልኮል ባለበት አሲድ ውስጥ እንዲካሄድ ይጠይቃል።