ግብር ከፋይ፥ እንደራሴ አልባ፦ ስለ ዋሽንግተን ነዋሪዎች ለላስ ቬጋስ ወገኖች የተጻፈ

በዚህ በረሓ መካከል ታክሲ እየነዳን፥ በካዚኖ ዲለር ሆነን ሌሊቱን እያነጋን፥ የሆቴል አልጋ እያነጠፍን የምንኖር ኢትዮጵያውያን፥ የዜግነት መሐላ ከፈጸምንበት ቀን አንሥቶ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፥ ማለት በሴኔት፥ 2 ሴናተሮች፥ በተወካዮች ምክር ቤትም ከኔቫዳ 4 እንደራሴዎች አንዱ ስለ እኛ ድምፅ የሚሰጡልን ስንሆን፥ ያንኑ መሐላ በዚያው ቃል የማለችውና ለፌዴራሉ መንግሥት ግብሯን ሳታጓድል የምትከፍለው የዋሽንግተን ነዋሪ እኅቴ ግን ከሁለቱ ምክር ቤቶች በአንዱም ቢሆን ሕግ ሲጸድቅ እጁን የሚያነሣላት ሰው የላትም። ምን በድላ ነው የሚል ቢኖር፥ በርእሰ ከተማው ውስጥ ቤት ስለ ተከራየች ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። በ1783 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ደመወዝ የዘገየባቸው ወታደሮች በፊላደልፍያ የአገሪቱን ጉባኤ፥ ማለት ኮንግረስን፥ ከበው ባስጨነቁ ጊዜ፥ የፔንስልቫንያ ሹማምንት ጭፍራ አውጥተው ለመከላከል ፈቃደኛ ስላልሆኑ የጉባኤው አባላት ወደ ፕሪንስተን ሸሽተው ነበርና፥ ከ4 ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሊቃውንት ማዕከላዊው መንግሥት የየትኛውም ግዛት ጥገኛ እንዳይሆን በማሰብ፥ ስፋቱ 10 ማይል በ10 ማይል ከሚሆን የማይበልጥ፥ ኮንግረስ ብቻውን የሚያዝበት ምድር እንዲለይ ደነገጉ። ፍርሃታቸው ምክንያት ነበረው። ዳሩ ግን በ1801 ኮንግረስ ግዛቱን በሕግ ጠቅልሎ በእጁ ባደረገ ጊዜ፥ እስከዚያ ድረስ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሲመርጡ የነበሩት ነዋሪዎች ከቤታቸው ሳይነቃነቁ ድምፃቸውን ዐጡ። በ1846 ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለው ክፍል ለቨርጂኒያ እንዲመለስ ተወሰነ፤ ከዚህም የተነሣ ዛሬ በአሌክሳንድርያ የሚኖር ሐበሻ 2 ሴናተሮች ሲኖሩት፥ ድልድዩን ተሻግሮ በዋሽንግተኑ ሰፈር በአዳምስ ሞርጋን የሚኖረው ወንድሙ አንድም የለውም። የቤት ኪራይ ተወዶባቸው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሄዱትም ወገኖቻችን፥ ሜሪላንድ ናትና፥ ኪራይ ሲሸሹ ሳያስቡት እንደራሴ አግኝተዋል።

ምንም አልተሰጣቸውም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በ1961 የጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ፕሬዚዳንት እንዲመርጡ ፈቅዶ 3 የመራጭነት ድምፅ ሰጣቸው፤ ከ1971 ወዲህም በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ልዑክ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከ1991 ጀምሮ ለረጅም ዘመን በዚህ ወንበር ያገለገሉት ኤሊኖር ሆልምስ ኖርተን በጉባኤው መናገር፥ ረቂቅ ማቅረብ፥ በኮሚቴም ድምፅ መስጠት ሲቻላቸው፥ ሕጉ በሚጸድቅበት በመጨረሻው ሰዓት ግን ድምፃቸው አይቈጠርም። በ1973 ከንቲባና 13 አባላት ያሉት ምክር ቤት የመምረጥ መብት ቢገኝም፥ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል፤ በ2023 ከተማይቱ ያሻሻለችውን የወንጀል ሕግ ኮንግረስ ሽሮት ፕሬዚዳንት ባይደንም ፈርመውበታል። በነሐሴ 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚያው በ1973ቱ ሕግ አንድ አንቀጽ ተደግፈው የከተማይቱን ፖሊስ ለ30 ቀን በእጃቸው አድርገዋል። ተግባሩን ወደደውም ጠላው፥ በኔቫዳ የሚኖር ሰው ፕሬዚዳንቱ የከተማውን ፖሊስ በዚህ መንገድ ሊወስድበት እንደማይችል ያውቃል።

እኅቴን የሚያስተዳድራት እንግዲህ ማን ነው? ኮንግረስ ነው። ኮንግረስን የሚመርጠውስ? እኔና እናንተ ነን። ነገሩን ለኛ ለላስ ቬጋስ ሰዎች የሚያቀርበውም ይህ ነው፤ የዋሽንግተን ሰው ድምፅ የለውም ማለት፥ በእርሱ ላይ የሌላው ግዛት ሰው ድምፅ ይሠራል ማለት ነውና።

አንዳንዶች በዚህች ከተማ ውስጥ እኛም ጉድለት አለብን ይሉኛል፤ እውነት ነው። ብዙዎቻችን የላስ ቬጋስ ነዋሪ ነን እንላለን እንጂ የላስ ቬጋስን ከንቲባ አንመርጥም፤ ያ መብራቱ ሌሊቱን ቀን የሚያስመስለው ስትሪፕ እንኳ ከሳሃራ ጎዳና ወደ ደቡብ ያለው አብዛኛው ክፍል፥ የካዚኖ ባለቤቶች ወደ ከተማው ተጠቃልለው የከተማ ግብር እንዳይከፍሉ በ1950 በተቋቋመችው በፓራዳይስ ውስጥ ነው፤ እርሷንም የሚያስተዳድራት ክላርክ ካውንቲ ነው። በ2023 በዲኬተር ጎዳና ገደማ ያለውን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመልንም የካውንቲው ኮሚሽን ነበረ። ነገር ግን ከ7ቱ ኮሚሽነሮች የየሰፈራችንን የምንመርጠው እኛው ስለሆንን፥ ጉድለቱ ጉድለት ተብሎ ከዋሽንግተኑ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ዋሽንግተን 51ኛ ግዛት ትሁን የሚለው ጥያቄ በ2016 ለሕዝብ ቀርቦ ከ100 መራጭ 86 ያህሉ ተቀብሎታል፤ የተወካዮች ምክር ቤትም በ2020 በ232 ድምፅ ለ180፥ በ2021ም በ216 ለ208 ረቂቁን አሳልፎታል፤ ስሟም ለፍሬድሪክ ዳግላስ መታሰቢያ «ዋሽንግተን፥ ዳግላስ ኮመንዌልዝ» ይሆን ነበር። ሴኔቱ ግን ድምፅ እንኳ አልሰጠበትም። ከተቃዋሚዎቹ ክርክር ውስጥ ሊመዘን የሚገባው አለ፤ ከተማይቱ ግዛት ብትሆን በመንግሥቱ ሕንጻዎች ዙሪያ ለሚቀረው ጠባብ ምድር ያ 23ኛው ማሻሻያ 3ቱን ድምፅ ሊተውለት ነውና፥ ይህ መላ ሊበጅለት ይገባል። ትንሽ ናት የሚለውን ግን አልቀበልም። በ2020 የሕዝብ ቈጠራ ዋሽንግተን 689,545 ነዋሪ ሲኖራት፥ ዋዮሚንግ 576,851፥ ቨርሞንትም 643,077 ነበራቸው።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ክርክር የኔቫዳ ሰው ሊያነሣው አይገባም። በ1860 ቈጠራ የዚህ ምድር ነዋሪ 6,857 ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላም 42,491 ብቻ። ይሁን እንጂ በ1864 የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ የሊንከን ፓርቲ ደጋፊ ድምፅ ስላስፈለገው፥ በፖስታ የተላከው የሕገ መንግሥት ቅጂ ሳይደርስ ምርጫው እንዳያልፍ፥ ሙሉውን ቃል ከካርሰን ሲቲ በቴሌግራፍ ሽቦ አስተላለፉት፤ እንደዛሬው ቴሌግራም በአንድ ጣት የሚላክ አልነበረምና ከፊደል ፊደል ሲመታ ሁለት ቀን ፈጀ። ጥቅምት 31 ሊንከን ኔቫዳን ግዛት ብለው ዐወጁ፤ በ8ኛው ቀን ምርጫ ሆነ። ዛሬ ዋሽንግተን ግዛት ብትሆን 2 ዴሞክራት ሴናተሮች ትልካለች ተብሎ መፈራቱ ከንቱ አይደለም፤ የከተማይቱ ሕዝብ ከ100 ወደ 90 የሚጠጋው ለዚያ ፓርቲ ይሰጣል። እኛ ግን ለሌላው ፓርቲ ይጠቅማሉ ተብለን ገብተን ይኸው ከ160 ዓመት በላይ ተቀምጠናል።

ወደ አገራችን ብንመለከት፥ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲወከሉ ይደነግጋል፤ ከተማይቱም በዚያ ምክር ቤት 23 ድምፅ ያላቸው ወንበሮች አሏት። የፌዴሬሽን ምክር ቤት መቀመጫ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ስለሆነ በዚያ በስሟ ወንበር የላትም፤ በዚያ ላይ የሚነሣው ክርክር እሳት ነውና ለዛሬ አልገባበትም። የማይካደው ነገር ግን፥ ስለ ዴሞክራሲ ለዓለም የምታስተምረው አሜሪካ ለርእሰ ከተማዋ ሕዝብ የከለከለችውን የእንደራሴ ድምፅ ኢትዮጵያ በሕገ መንግሥቷ ጽፋ ማስቀመጧ ነው።

በ2022 የኔቫዳ ሴናተር ምርጫ የተወሰነው ከ8,000 በማይሞላ ድምፅ ነበርና፥ እኛ በቍጥር ጥቂት ነን የሚል ሰው ይህን ያስብ። እንግዲህ ወገኖቼ፥ ወደ ካፒቶል የስልክ ማዞሪያ 202-224-3121 ደውላችሁ ከኔቫዳ ሴናተሮች ቢሮ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ፤ ስማችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን ተናግራችሁ የዋሽንግተን ሕዝብ ግዛት እንዲሆን ድምፅ እንዲሰጡ ንገሯቸው፤ እንግሊዝኛዬ አይረታም ብላችሁም አትፍሩ፥ ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ የሚመዘግበው ሐሳባችሁን ነው። ዜግነት ይዛችሁ ያልተመዘገባችሁም ተመዝገቡ፤ በኔቫዳ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ እስከ ቤታችሁ ይመጣላችኋል።